ከአፕዴት በኋላ የጠፋ ዋይፋይ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ላፕቶፑ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ነው፤ ዋይፋዩ በዩኤስቢ የሚሰካ ሪልቴክ። ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ልጁ ራሱ ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል አድርጎ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፋይል ቀይሮ ነው የጫነው። ሰሞኑን አፕዴት አድርጎ ሪስታርት ሲያደርግ ዋይፋዩ የለም። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ የቀረውን የድሮ ሞጁል (ኮምፓይል የተደረገውን የድራይቨር ፋይል) በኢንስሞድ ትእዛዝ ሊያስገባ ሲሞክር ደግሞ «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» አለው።

ወንድሜ፣ ዩኤስቢህ ደህና ነው። ኡቡንቱንም እንደ አዲስ እንዳትጭን!

ሞጁል ኮምፓይል ሲደረግ ለየትኛው ከርነል (የኡቡንቱ እምብርት) እንደተሠራ ውስጡ ይጻፋል፤ ቨርማጂክ ይባላል። ከርነሉ ያንን ከራሱ ጋር ያመሳክርና ካልገጠመለት አላስገባም ይላል። አፕዴቱ አዲስ ከርነል አምጥቶልሃል፣ ሞጁልህ ግን የድሮው ነው። ማረጋገጥ ከፈለግክ ተርሚናል ላይ «ዩኔም ሰረዝ አር» በል፣ አሁን የሚሠራውን ከርነል ቁጥር ያሳይሃል፤ ከዚያ የሞጁሉን ፋይል በሞድኢንፎ ትእዛዝ አይተህ የቨርማጂኩን መስመር አስተያየው። አንዱ 5.15.0-91 ሌላው 5.15.0-94 ቢል ሞጁሉ የተሠራው ለሌላ ከርነል ነው ማለት ነው።

አሁን ኢንተርኔት ያስፈልግሃል፣ የጠፋው ደግሞ እሱው ነው። ስልክህን በኬብል ሰክተህ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ ማጋሪያ) ክፈት፤ ኡቡንቱ ያለ ምንም ድራይቨር ይቀበለዋል። ከዚያ ዩኔም የሰጠህን ቁጥር ሳታዛንፍ የዚያኑ ከርነል ሄደርስ (ሞጁል ለመሥራት የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) በአፕት፣ በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ ጫን። ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ ግባና መጀመሪያ «ሜክ ክሊን» በል፤ ብዙ ሰው ይሄን ይዘለውና ከድሮው ኮምፓይል በተረፉ ፋይሎች ሲጨቃጨቅ ያመሻል። ቀጥሎ ሜክ፣ ሱዶ ሜክ ኢንስቶል፣ ሱዶ ዴፕሞድ ሰረዝ ኤ፣ በመጨረሻም ሞድፕሮብ ከነሞጁሉ ስም።

«ፎርስ አድርገው»፣ ሞጁሉን በግድ አስገባው የሚልህን አትስማ። ፎርስ ማመሳከሩን ነው የሚያስቀረው፤ ከርነሉ ውስጥ የዳታው አቀማመጥ ተቀይሮ ከሆነ ሞጁሉ የማይመለከተው ሜሞሪ ላይ ይጽፍና ማሽኑ ድርቅ ይላል።

በየአፕዴቱ ይሄን መድገም ካልፈለግክ ድራይቨሩን ዲኬኤምኤስ በሚባለው መሣሪያ ጫነው። አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥር ራሱ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ግን ሄደርሱ አብሮ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ «ሊኑክስ ሄደርስ ጄነሪክ» የሚለውን ፓኬጅ አስቀድመህ አስገባ። የዋይፋዩ ቺፕ 8821ሲዩ ከሆነ ደግሞ ከከርነል 6.2 ጀምሮ እዚያው ከርነሉ ውስጥ ድራይቨር አለው፤ ወደዚያ ከወጣህ ይሄ ሁሉ ጣጣ ላያስፈልግህ ይችላል።

ይሄን ሁሉ አድርገህ «ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ» ካለህ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፊርማ የሚፈትሽ ጥበቃ) ያልተፈረመ ሞጁል አልቀበልም እያለህ ነው፤ ወይ ባዮስ ገብተህ አጥፋው፣ ወይ ሞጁሉን ፈርመው።