የደመወዝ ቁጥር ከመተንተንሽ በፊት ማን እንደመለሰው እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለማስተርስ ጥናትሽ በአዲስ አበባ በሴትና በወንድ ተቀጣሪዎች መካከል ያለውን የደመወዝ ልዩነት ልትለኪ ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎትን የከተማ የሥራ ስምሪትና ሥራ አጥነት ጥናት ጥሬ መረጃ አግኝተሻል። አማካሪሽ ግን «ሰው ስለ ደመወዙ እውነቱን አይናገርም፣ የጡረታ ወይም የገቢዎች መዝገብ ፈልጊ» አሉሽ። የቱ ይሻላል ብለሽ ነው የጠየቅሽን።

እኔ በተለያዩ ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በር ለበር ዞሬያለሁ። ኋላም ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። አሁን ሥራዬ እንዲህ ያለውን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ መተንተን ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

የያዝሽውን መረጃ ተጠቀሚበት። በመጀመሪያ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ከማን አፍ እንደወጣና ሰውየው ምን ተብሎ እንደተጠየቀ እወቂ።

አንድ ቤት ልንገርሽ። ኮልፌ ነው። ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። አባወራው የግንባታ ሠራተኛ ነው፣ ቤት የለም። ባለቤቱ ልጇን ታቅፋ በር ላይ ቆማ መለሰችልኝ። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የሥራ ዓይነት ቶሎ ቶሎ አለቀ። ክፍያው ላይ ስንደርስ ቆም አለች። «እንደ ቀኑ ነው» አለችኝ። በቀን ስንት ያገኛል? «መቶ ሃምሳ። አንዳንዴ ሁለት መቶም ያመጣል።» ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠራ? በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እሁድ እሁድ አይሠራም። ለሚካኤል አልወጣም። አንድ ሳምንት ደግሞ ሲሚንቶ ጠፍቶ ቤት ተቀምጧል። ከዚህ ሁሉ ወሬ ቅጹ ላይ የገባው አንድ ቁጥርና አንድ ኮድ ብቻ ነው። 150፣ በቀን።

አሁን አንቺ ፋይሉን ከፍተሽ ይህን ወደ ወር ልትቀይሪ ነው። እንደተለመደው በ26 ብታባዢው 3,900 ብር ይሆናል። ሰውየው የሠራው ግን 19 ቀን ነበር፣ 2,850 ብር። የ1,050 ብር ልዩነት ከአንድ ሰው ላይ ብቻ! ኮዱ በስህተት ከ«ቀን» ወደ «ወር» ከዘለለ ደግሞ ግንበኛው በወር 150 ብር የሚያገኝ ሆኖ ይቀራል። በሠራሁባቸው ፋይሎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ግንበኞች አጋጥመውኛል። ስለዚህ የክፍያ ጊዜውን ኮድ ከሥራው ዓይነት ጋር አስተያዪ። በጣም ዝቅተኛ የሆኑትን ዝም ብለሽ አትሰርዢ። አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። እነሱን ስትጥያቸው ከናሙናሽ የሚወጡት ድሆቹ ናቸው።

ከዚህ ቤት የምትወስጂው ሌላም ነገር አለ፤ ለአንቺ ርዕስ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ይመስለኛል። ስለ ባል ደመወዝ የመለሰችው ሚስት ናት። በእኔ ልምድ ቀን ላይ በር ስታንኳኪ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ሴቶችን ነው። የሴቶቹ ደመወዝ ከራሳቸው አፍ ይመጣል፣ የወንዶቹ ግን በሚስት ወይም በእናት በኩል። ብዙ ሚስቶች ደግሞ የሚያውቁት ባላቸው ቤት ይዞ የሚገባውን ነው። እቁቡን፣ ለወላጆቹ የሚልከውን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን አያውቁም። ስለዚህ የወንዶቹ ደመወዝ ዝቅ ብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ያኔ ልዩነቱ ከእውነተኛው ጠብቦ ይታይሻል። ፋይሉ ውስጥ የመላሹ ተራ ቁጥር ካለ ለራሳቸው የመለሱትንና ሌላ ሰው የመለሰላቸውን ለይተሽ አስይ። ከሌለ ደግሞ እንደሌለ ጽፈሽ አሳውቂ።

የቤት ሠራተኞች ጉዳይ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ሠራተኛዋ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የምትመልስልኝ አሠሪዋ ነበረች። ልጅቷ ሻይ እያቀረበች ትሰማለች። በወር የሚከፈላት ብር ይጻፋል፤ ምግቡና ማደሪያው ግን ዋጋ ወጥቶለት አይደመርም። ሰዓቱማ በትክክል አይያዝም። ከንጋት እስከ ሁሉ ሰው የሚተኛበት ድረስ የምትሠራ ልጅ «በሳምንት 48 ሰዓት» ተብላ ከተመዘገበች የሰዓት ክፍያዋ ውሸት ነው። ስለዚህ የቤት ሠራተኞችን አካተሽም አውጥተሽም ሁለት ጊዜ ሥሪው። ሁለቱ ውጤቶች እንዴት እንደሚራራቁ ለአንባቢ አሳዪ።

አሁን ወደ አማካሪሽ ሐሳብ ልምጣ። የመዝገብ መረጃ ትልቅ ጥቅም አለው፣ አልክድም። በሰው ትዝታ ላይ አይመሠረትም፣ ቁጥሩም በየወሩ ይመጣል። ግን የጡረታ መዝገብ የሚይዘው መሠረታዊ ደመወዝን ነው። የትርፍ ሰዓትና አበል እዚያ ውስጥ የለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ማለትም እያንዳንዱ የተመዘገበ ብር 18 ሳንቲም ያስወጣል። ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ ምክንያት አለ ማለት ነው። በእኔም ደርሷል። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ስሠራ ተስማምቼ የገባሁት በ9,000 ብር ነበር። ለቅቄ ስወጣ የጡረታ መዋጮዬ የተከፈለው በ4,000 ብር ላይ መሆኑን አወቅኩ። የቀረው 5,000 «አበል» ተብሎ ነበር። አንድ ተመራማሪ ያንን መዝገብ ቢከፍት እኔን የ4,000 ብር ሠራተኛ አድርጎ ይቆጥረኛል። ከዚያ ላይ ጉልት ላይ የምትሸጠዋ፣ የቀን ሠራተኛውና የቤት ሠራተኛዋ እዚያ መዝገብ ውስጥ አይገኙም። መዝገቡ ብቻውን የሚነግርሽ በሥርዓት ስለተቀጠሩት ሰዎች ነው።

የፋብሪካ ጥናትም አለ። ትልልቅና መካከለኛ ፋብሪካዎችን የሚመለከት ሲሆን 10 እና ከዚያ በላይ ሰው ያላቸውንና በኃይል በሚሠራ ማሽን የሚያመርቱትን ይይዛል። የድርጅቱን ጠቅላላ የደመወዝ ወጪ ለማወቅ ጥሩ ነው፤ የሚይዘው ፋብሪካዎችን ብቻ ስለሆነ ግን ለአንቺ ርዕስ አይሆንም።

ሌላ አገርም ቢሆን ችግሩ አይጠፋም። ብሪታንያ ውስጥ ከግብር መዝገብ ላይ 1 በመቶ ሠራተኞችን በናሙና ይመርጡና አሠሪዎቻቸው ከደመወዝ መክፈያ መዝገባቸው (ፔይሮል) አይተው እንዲሞሉ ያደርጋሉ። ቁጥሩ ከእኛ በጣም የጠራ ነው። ሆኖም በግላቸው የሚሠሩ ሰዎች እዚያም ውስጥ የሉም።

ወደ ጥናቱ መረጃ ልመለስና አንድ ተጠንቅቀሽ የምታይው ነገር ልጠቁምሽ። ሰው ደመወዙን ሲጠየቅ የሚናገረው ያልተጣራውን ነው ወይስ እጁ ላይ የሚገባውን? ቅጹ ያልተጣራውን ቢጠይቅም ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባንክ የገባለትን ነው። አንድ ተቀጣሪ ያልተጣራ ደመወዙ 10,000 ብር ነው እንበል። በአዋጅ 979/2008 የግብር ሠንጠረዥ 2,045 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ተቀንሶ 7,255 ብር ይደርሰዋል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በተሻሻለው ሠንጠረዥ ግብሩ 1,650 ስለሆነ 7,650 ይደርሰዋል። አሠሪው አምስት ሳንቲም አልጨመረለትም። ሁለት ዙር ጥናት ብታነጻጽሪ ግን በወር 395 ብር የተጨመረለት ይመስልሻል። ከሐምሌ 2017 በፊትና በኋላ ያሉ ዙሮችን የምታገናኙ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

ሌላው የተጠጋጋ ቁጥር ነው። 2,000፣ 3,000፣ 5,000 ላይ ሰው ይከማቻል። የወንዱም የሴቷም ሚዲያን (ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው) 3,000 ላይ ቢወድቅ «ልዩነት የለም» ለማለት አትቸኩዪ። ስርጭቱን ሥለሽ እዪው። አንድ ፕሮጀክት ላይ ስንሠራ አስተባባሪያችን «ባዶ ሆኖ የሚመለስ ቅጽ አልቀበልም» ይለን ነበር። ከዚያ በኋላ ባዶዎቹ ጠፉ፣ የተጠጋጉት ቁጥሮች ግን በዙ። እኔ ከዚያ ፋይል ይልቅ ባዶው በግልጽ የሚታይበትን ፋይል አምናለሁ።

ክብደቱንም፣ ማለትም እያንዳንዱ መላሽ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር፣ አትርሺ። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ክብደቱ የሚሰላበት የሕዝብ ብዛት ትንበያም የሚነሳው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ስንት ኮንዶሚኒየም ሠርታ፣ ስንት ሰፈር አንስታ፣ ሰውን ከመሀል ወደ ዳር እንዳወጣች ታውቂዋለሽ። አገር አቀፍ ንጽጽር ካሰብሽ ደግሞ የ2013ቱ የሰው ኃይልና የፍልሰት ጥናት ትግራይን አያካትትም።

አሁን ብዙዎቻችሁ ኮሜንት ላይ ወዳነሳችሁት ጉዳይ። «በፋይዳ ቁጥር ሁሉንም ለምን አያገናኙትም?» ብላችኋል። እኔም እንዲገናኝ እፈልጋለሁ። ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተጠሪነቱ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነው። ግብሩ ገቢዎች ሚኒስቴር ጋ ነው። ጡረታው የራሱ አስተዳደር አለው። የአንዱን ከሌላው ማስተያየት ብንችል የእኔን የ4,000 እና የ9,000 ታሪክ ማንም በቀላሉ ያየው ነበር።

ግን በር ላይ ቆሜ ከማንኛውም ጥያቄ በላይ የተጠየቅኩት «ይሄ ለገቢዎች ነው?» የሚለውን ነው። አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት እጇን ሊጥ ውስጥ እንደነከረች ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። «አይደለም እማማ፣ ለጥናት ብቻ ነው፣ ስምዎ አይወጣም» አልኳት። አመነችኝና ተናገረች። ያንን ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። መዝገቦቹ ሲገናኙ መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆን አለበት። የአስተዳደር መዝገብ ወደ ስታቲስቲክስ ይሂድ፣ ከስታቲስቲክስ ግን የማንም ሰው መልስ ወደ ግብር ቢሮ አይመለስ። ማን ፋይሉን እንደከፈተ፣ ለምን እንደከፈተ፣ ምን ይዞ እንደወጣ መመዝገብ አለበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል። በየቢሮው ያሉ ሰዎች በተግባር ሲያውሉት ማየት እፈልጋለሁ። ያቺ እናት አንድ ጊዜ ከተከዳች በሚቀጥለው ዙር በሩን አትከፍትም፣ ብትከፍትም የምትነግረን ቁጥር አይረባም።

ለአንቺ የምለው ይህ ነው። መረጃውን ከሰጡሽ ሰዎች መጠይቁንና የመረጃ ሰብሳቢዎቹን መመሪያ ጠይቂ። የትኞቹ ቁጥሮች ቢሮ ውስጥ እንደተስተካከሉ ጠይቂ። የሚያውቅ ሰው ካላገኘሽ እንዳላገኘሽ ጻፊ። መጀመሪያ ራስ በመለሰና ሌላ በመለሰለት፣ ቀጥሎ በክፍያ ጊዜ ከፍለሽ ሁለት ሠንጠረዥ አውጪ። ሠንጠረዦቹን እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናያቸዋለን። ፋይሉን ራሱን ግን ለማንም አትላኪ፣ ለእኔም ቢሆን።