ቾፐሩን ሥራው፣ ትምህርቱን ግን አትተው

«ሐዋሳ ነው የምኖረው። አውቶሞቲቭ ደረጃ ሦስት እየተማርኩ ነው፤ ለመጨረስ ጥቂት ወራት ይቀሩኛል። አጎቴ የግብርና ባለሙያ በነበረበት ጊዜ ከጨረታ የገዛትን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሰጥቶኛል። ሻንሲዋን ቆርጬ፣ የፊት ጎማዋን የያዘውን ፎርክ አስረዝሜ ቾፐር ላደርጋት ነው። ከዚያ ትምህርቱን ትቼ የቾፐር ጋራዥ ብከፍትስ? እናቴ ‹አብደሃል እንዴ?› እያለች ነው።»

ወንድሜ፣ አላበድክም። በእጅህ ልትሠራው የምትጓጓለት ነገር ማግኘትህ ትልቅ ዕድል ነው። ተመርቀው እንኳ የሚወዱትን ሥራ ገና የሚፈልጉ ብዙ ወጣቶች ያናግሩኛል። ግን ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ ቾፐር መሥራትና በቾፐር መተዳደር። የመጀመሪያውን በርታ እልሃለሁ። ሁለተኛውን ግን፣ ቢያንስ አሁንና ቢያንስ ሐዋሳ ላይ፣ አልመክርህም።

ዙሪያህን እይ። ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል መንገዱን የሞላው ባጃጅ ነው። ሞተር ሳይክል ያለውም ሰው ለሥራ ነው የያዘው። ዕቃ ያደርሳል፣ ሰው ይጭናል፣ ገጠር ወርዶ ይመለሳል። ሞተሩ አንድ ቀን ከቆመች የዚያ ቀን ገቢ የለም። ለውበት ብሎ ሻንሲ የሚያስቆርጥ ደንበኛ ስንት ጊዜ ይመጣል? የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ እንጀራህ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና።

ቾፐር ያደገው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ሞተረኞች ከባድ ሞተሮቻቸውን ለማቅለል ፓራፋንጎውን፣ ማለትም የጎማውን የጭቃ መከላከያ፣ እያሳጠሩ፣ ትርፍ ነገሩን ሁሉ እየፈቱ ይጥሉ ነበር። ያ ቦበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ ፎርኩ ረዘመ፣ የመሪው አንገት (ሻንሲው ላይ መሪውና ፎርኩ የሚያያዙበት ቱቦ) ወደ ኋላ ተጋደመ፣ ዛሬ ቾፐር የምንለው ቅርጽ መጣ። ለአንተ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቦበር ለመሥራት የሻንሲውን አንገት መንካት አያስፈልግህም።

አንገቱን መንካት ቀላል ነገር አይደለም። ከፋብሪካ የሚወጣ ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ የመሪው አንገት ከቁም መስመር ከ24 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ነው። ቾፐር ላይ 35 ወይም 40፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። በአንገቱ መሐል የሚያልፈውን መስመር እስከ መሬት ብታወርደው፣ የፊት ጎማው መሬት ከሚረግጥበት ነጥብ ትንሽ ወደ ፊት ቀደም ብሎ ያርፋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በተለመደ ሞተር 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንገቱ ሲጋደም ርቀቱ ይጨምራል። ያኔ ሞተሯ በአስፋልት ላይ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ በዝግታ ስትነዳት ግን መሪው ይከብድሃል፣ ወደ ጎን ልውደቅ ይላል። ባጃጅ ከግራ ከቀኝ በሚገባብህ መንገድ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ። ርቀቱ በጣም ሲያንስ ደግሞ በፍጥነት ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፎርኩን ብቻ ካስረዘምክ ፊቷ ሽቅብ ይነሳል፣ አንገቱም ሳታስበው ይጋደማል። ስለዚህ ማዕዘኑንና ርዝመቱን አንድ ላይ በወረቀት ሳታሰላ ግራይንደር አታንሳ።

ብየዳውም አለ። የሻንሲ ቱቦ ስስ ነው። በርና መስኮት የለመደ በያጅ በኤሌክትሮድ ሊበሳው ይችላል፤ ወይም ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ግን በቅጡ ያልተያያዘ ብየዳ ይሰጥሃል። አንገት ላይ እንዲህ ያለ ብየዳ ከለቀቀ የፊት ጎማው ነው የሚሄደው። ይህን ስጽፍልህ በጣም እየፈራሁልህ ነው።

ሌላው ሊብሬው ነው። ሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሰፍሯል። የሻንሲው ቁጥር ደግሞ ብዙ ሞተሮች ላይ የሚገኘው እዚያው አንተ ልትቆርጠው ባሰብከው አንገት ላይ ነው። ግራይንደሩ ቁጥሩን ካጠፋው ሞተሯ የማን እንደሆነች ማስረዳት ያስቸግርሃል፤ ቦሎ ለማሳደስ ስትሄድም ጣጣ ነው። ቅርጹን ከመቀየርህ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ምን እንደሚፈቀድ ጠይቅ።

ኤጂ 100 ለእርሻ ሥራ የተሠራች፣ ባለ ሁለት ስትሮክ ትንሽ ሞተር ናት። ጉልበቷ ረጅም ፎርክና ተጨማሪ ብረት ለመሸከም አይደለም። እኔ ብሆን አንገቷን አልነካም። ትልቁን የኋላ ዕቃ መጫኛ እፈታለሁ፣ ፓራፋንጎዋን አሳጥራለሁ፣ ወንበሯን ዝቅ አድርጌ አሰፋለሁ፣ ሰርባቶዮዋን (የነዳጅ ታንከሯን) በደንብ አስቀባለሁ። ፍሬንና መብራቷ እንዳለ ይቆያል። ቆንጆ ቦበር ይወጣታል።

ቾፐሩን ደግሞ ከወዳደቀ ሻንሲ ለማሳያ ሥራው። መንገድ ላይ አይነዳም። ኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ፣ የብየዳ መምህሩ እያየህ፣ ሻንሲው በጠንካራ መያዣ ታስሮ። የመመረቂያ ሥራ ይሁንልኝ ብለህ ጠይቅ። ትምህርቱን አትተው የምልህ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ በነጻ የምትጠቀምበትን መሣሪያና መምህር ነገ በራስህ ገንዘብ አታገኘውም።

ስትጨርስ የብቃት ማረጋገጫ ፈተናውን ውሰድ። ከዚያ ጋራዥ ከመክፈትህ በፊት ቶርኖ ቤት ተቀጠር፤ ደሞዙ ቢያንስም ግባ። የተጣመመ ፎርክ ማቃናት፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ መልሶ ማስተካከል፣ ስስ ቱቦ በንጽሕና መበየድ፤ ይህን የሚችል ልጅ ሐዋሳ ላይ ሥራ አያጣም። ባጃጁም ይሰነጠቃል፣ ሞተሩም ይጋጫል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለክል የጋራዥ ሥራ ያለቀለት የመሰላቸው ነበሩ። ነገር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ሻንሲ አለው፣ እሱም ይሰበራል። የኤሌክትሪኩን ትምህርት ግን ችላ አትበል።

የቾፐሩን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ፎቶ አንሳ። በተለይ ብየዳውን፣ ቀለም ሳይቀባ። ቀጣሪ የሚያየው እሱን ነው። እናትህንም አንድ ቀን ወርክሾፑ ድረስ ይዘሃቸው ሂድ፤ ጭንቀታቸው ትምህርቱን እንዳትተው እንጂ ብረት እንዳትነካ አይመስለኝም።

ለአሁኑ የአንገቱን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክር፤ ሊብሬው በአጎትህ ስም ከሆነም ስሙ ይዛወርልህ። ቁጥሩ ካልተስማማ አንድም ብሎን ሳትፈታ ለአጎትህ ንገረው።