ሊድስትሮም ሳይጋጭ እንዴት ምርጥ ተከላካይ ሆነ? (መልስ)
ስዊድናዊው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ኒክላስ ሊድስትሮም ሰው ሳይገጭ እንዴት የኖሪስን ዋንጫ (በሰሜን አሜሪካው ሊግ NHL ለዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን) 7 ጊዜ ወሰደ ላልከው፣ መልሱ ያለው ዱላው ላይ ነው። አጥቂ ሲመጣበት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ አንድ የዱላ ርዝመት ያህል ርቀት ይጠብቅ ነበር። የዱላውን ጫፍ በረዶው ላይ አሳርፎ የቅብብሉን መስመር ይዘጋና አጥቂውን ቀስ በቀስ ወደ ሜዳው ዳር ግድግዳ ያስጠጋው ነበር። ለመግጨት የሚወረወር ተከላካይ ከሳተ ከኋላው ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል፤ እሱ ግን ቦታውን አይለቅም ነበር። በ1,564 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች ያገኘው ቅጣት (ጥፋት የሠራ ተጫዋች ከሜዳ ወጥቶ የሚቀመጥበት ጊዜ) 514 ደቂቃ ብቻ ነው። ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ 20 ሴኮንድ ገደማ ይደርሳል፤ ለተከላካይ ይህ የማይታመን ነው!

ከሰማያዊው መስመር (የማጥቂያው ክልል ከሚጀምርበት) ሲመታም ከኃይል ይልቅ ኢላማን ያስቀድም ነበር፦ ጎል ፊት የቆመው ጓደኛው አቅጣጫ እንዲያስቀይረው ፓኩን (እንደ ኳስ የሚመታውን የጎማ ዲስክ) ዝቅ አድርጎ ይልክ ነበር። 264 ጎልና 878 አሲስት (ለጎል የበቃ ቅብብል) አለው። ጠንክሮ መምታት አይችልም ነበር ማለት ግን አይደለም። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የቶሪኖ ኦሎምፒክ ፍጻሜ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በተጀመረ በ10ኛው ሴኮንድ ስዊድን ፊንላንድን 3 ለ 2 የረታችበትን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው።

የአሜሪካው ክለብ ዲትሮይት በ1989 በሊጉ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ (ድራፍት) ሲመርጠው 53ኛ ነበር፤ ከ1991 እስከ 2012 ከዚያው ክለብ ሳይወጣ የሊጉን ሻምፒዮና ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ 4 ጊዜ አነሳ።