የፊት ጎማዬ ከውስጥ በኩል ብቻ ተበላ፣ ወደ ኋላ ላዙረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ እመላለሳለሁ። አራቱንም ጎማ አንድ ላይ ነው የቀየርኩት፣ ሁለት ዓመት አለፈው፣ ከዛ ወዲህ ንፋስ ከማስሞላት ውጪ ነክቻቸው አላውቅም። አሁን የፊቶቹ በውስጥ በኩል ጥርሳቸው አልቆ መላጣ ሆነዋል፣ የኋላዎቹ ግን ገና ናቸው። ጎሚስታው የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት ላርግልሽና ሌላ አንድ ዓመት ትነጂበታለሽ አለኝ፣ ወንድሜ ደግሞ እንዳትሞክሪው ይላል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ ወንድምሽን ስሚ። ጎማ ማዟዟር ራሱ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ ያንቺ ግን ጊዜው አልፏል። ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው፣ መሪውም እዛው ነው፣ ፍሬን ስትይዢም ክብደቱ ወደ ፊት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የፊቱ ቀድሞ ማለቁ አይቀርም። ለዚህ ነው በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር፣ ልዩነቱ ገና ትንሽ እያለ የሚዟዟረው። መላጣ ጎማ ኋላ አስረሽ ክረምት ላይ ብትነጂ ኩርባ ላይ ኋላው ሲንሸራተት መኪናው ዞሮ ፊቱን ወደመጣሽበት ያደርገዋል፣ እሱን መመለስ ለጎበዝ ሹፌርም ከባድ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን "ከውስጥ በኩል ብቻ" ያልሽው ነው። መሀሉ ብቻ ቢያልቅ ንፋስ በዝቶበታል፣ ሁለቱም ጠርዝ ቢያልቅ ንፋስ አንሶታል እንላለን፣ በአንድ ጠርዝ ብቻ ሲሆን ግን አላይመንቱ (ጎማዎቹ የቆሙበት ማዕዘን) ተዛብቷል ወይም ከስር የላላ ነገር አለ፣ ጉድጓድ ሲመታ ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) ይላላል። ይሄ ሳይስተካከል ደህናዎቹን ወደ ፊት ብታመጫቸው እነሱንም ከውስጥ ይበላቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከስር አስፈትሺ፣ የላላው ይቀየር፣ አላይመንት ከዛ በኋላ ነው፣ ገልብጠው የሚሰሩ አሉና አደራ።

ከዛ ሁለት አዲስ ግዢ፣ አዲሶቹ ኋላ ይታሰሩ፣ አሁን ኋላ ያሉት ወደ ፊት ይምጡ። ብዙ ሰው አዲሱን ፊት ነው የሚያስረው፣ ግን ፊቱ ቢንሸራተት ነዳጅ ስትለቂ ብዙ ጊዜ መሪው ይመለስልሻል፣ ኋላው ግን ከላይ እንዳልኩሽ ነው። የሁለቱ ጥንድ የጥርስ ልዩነት ትንሽ ከሆነ ከዛ በኋላ ዙሩን መጀመር ትችያለሽ፣ ሰፊ ከሆነ ግን ጥርስ የበዛው ኋላ ይቆይ።

አዟዟሩ ለቪትዝ እንዲህ ነው፣ የፊቶቹ በየጎናቸው ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ተሻግረው ወደ ፊት ይመጣሉ፣ የቀኙ ግራ የግራው ቀኝ። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለው ጎማ ከሆነ ግን ማሻገር የለም፣ በዛው ጎን ፊትና ኋላ ብቻ። ቀጭኗ ስኮርታም (ትርፏ ጎማ) ዙሩ ውስጥ አትገባም።

ለወደፊቱ በወር አንዴ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረሽ የውስጡን ጠርዝ እዪው፣ ከውጪ ቆሞ ስለማይታይ ነው ሳታውቂው ያለቀው። ጥርሱ መሀል ባለው ቦይ ውስጥ ትንሽ ከፍ ያለች ላስቲክ አለች፣ ጥርሱ ከሷ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው፣ እዛ ድረስ አትጠብቂ። ጎማ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትነጂ ቡሎኖቹን መልሰሽ አስጠብቂ።