ልጄን ትምህርት ቤት ባስገባት ጠበሉን መጠራጠር ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቢቸና አካባቢ ነው የምኖረው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከዚያ ወዲህ አትሰማም። ጎረቤት «የቤተሰቡ ኃጢአት ነው» ይላል። አማቴ ደግሞ «እምነት ከመስማት ነው፤ ሳትሰማ ምን ትማራለች? መጀመሪያ በጠበሉ ትዳን» ይላሉ። ትምህርት ቤት ብወስዳት «ቤት ብትቀመጥ ይሻላታል» ብለው መለሱኝ። ላስተምራት ብል እምነቴ ጎደለ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አልጎደለም። ዛሬ ነገ ሳትዪ አስተምሪያት።

የኃጢአቱን ነገር ጌታ ራሱ መልሶታል። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ሲሉ፣ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው (ዮሐ. 9፥3)። ያንቺ ልጅ ታማ ነው። ማጅራት ገትር የመስማት ችሎታን እንደሚያሳጣ ሐኪም ያውቀዋል።

አማትሽ የጠቀሱት ቃል እውነት ነው (ሮሜ 10፥17)። ጳውሎስ ግን ወንጌል ሳይሰበክለት የሚያምን የለም ማለቱ ነው። ጆሮው የማይሰማ አያምንም አላለም። ማርቆስ 7ን አንብቢው። መስማት የተሳነውን ሰው ሲያመጡለት ጌታ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቱን በጆሮው አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ ተመለከተ። «ኤፍታህ» (ተከፈት) ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ ሰውየው በሚያየውና በሚዳስሰው ነገር አናገረው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ዘካርያስንም አስቢ። ካህን ሆኖ አንደበቱ ተዘጋ። ዘመዶቹ በምልክት ጠየቁት፣ እሱም መጻፊያ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ (ሉቃ. 1፥62-63)። ፊደል ባይቆጥር ኖሮ የልጁን ስም በምን ይነግራቸው ነበር?

ስለ እኛ ስለ ጎጃሞች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደሚሰጥባቸው ጉባኤ ቤቶች፣ ዲማ ሂጂ፣ ዋሸራ ሂጂ፤ በእኛ አገር ዓይነ ስውር መሪጌታ ብርቅ አይደለም። ትምህርቱ በቃል ነው። የኔታ ይነግራሉ፣ ተማሪው ከአፋቸው ተቀብሎ በቃሉ ይይዛል። ስለዚህ ዓይነ ስውሩ ከእኩዮቹ እኩል ይራመዳል፤ ብሎም መምህር ይሆናል። ኩራታችን ነው። ግን እዚያው ላይ ቆመን ቀረን። «ዓይነ ስውር ለቅኔ ነው» እያልን ሒሳብ የሚወደውን ልጅ መንገድ ዘጋንበት። ሴቷንማ ብዙውን ጊዜ ጉባኤ ቤትም አልላክናት። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ፣ ጉባኤ ቤታችን በጆሮና በአፍ የሚሠራ ስለሆነ፣ ምንም አላዘጋጀንም። ሳናዘጋጅ «አይችልም» አልን።

ክፉ ከሚናገሩት ይልቅ «ምስኪን» የሚሏት ያሰጉኛል። ከኋላ ያስቀምጧታል። አይጠይቋትም፣ ደብተሯን አያርሙላትም፣ ዓመቱ ሲያልቅ በሐዘኔታ ያሳልፏታል። እንዲህ ስድስተኛ ክፍል ደርሳ ስሟን በቅጡ የማትጽፍ ልጅ አይቻለሁ። ከዚያ ሰው «ይኸው፣ አልሆነላትም» ይላል። አላስተማሯትም እኮ! በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ነገሩ ያው ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው በልጅነቱ ነው። ምልክት ቋንቋ ሳታገኝ በቆየች ቁጥር በኋላ መማሩ ይከብዳታል። «እስክትድን» ብሎ ማቆየት ይህን ያስከፍላታል።

ጠበሉን አትተዪ። በጧት ተጠምቃ ወደ ትምህርቷ ትሂድ። ሱባኤ ካሰባችሁ ክረምት አለላችሁ። ጆሮዋንም ሐኪም ይይላት፤ ሐኪምንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል ሲራክ 38።

ትምህርት ቤቱ መለሰኝ ብለሽ አትቅሪ። ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል የት እንዳለ ጠይቂ። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ላይ፣ ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይደነግጋል። ብቻሽን ከከበደሽ የንስሐ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ። ምልክት ቋንቋውንም አብረሻት ተማሪ። አባቷም አማትሽም ይማሩ፤ ቤት ገብታ የምታወራው ሰው ያስፈልጋታል።

ቅዳሴም አታስቀሪያት፣ አቁርቢያት። ከሴቶች ወገን ከፊት፣ ካህኑንና ዲያቆኑን በደንብ የምታይበት ቦታ አቁሚያት።