ወረፋው እስኪደርሰን ልጄን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጂማ፣ ጊንጆ ሠፈር ነው። ልጄ 3 ዓመት ከ2 ወር ሆነው። እስካሁን የሚለው "እማ" እና "ቡ" ብቻ ነው፤ "ቡ" ውኃ ማለቱ ነው። ማንኪያ አይዝም። ፀጉሩን ልንቆርጠው ስንነካው ሠፈሩ እስኪሰማ ይጮኻል። ሐኪም አይቶት የንግግር እና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (እንደ መብላትና መልበስ ያለ የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያለማምድ ሕክምና) ያስፈልገዋል አለኝ። ተመዘገብን፣ እንደውላለን ተባልን፣ ይኸው 7 ወር ሞላን። ጎረቤት "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ይለኛል። አማቴ ምላሱ ሥር ይቆረጥ ትላለች። አባቱ በአፋን ኦሮሞ እኔ በአማርኛ ስለምናወራው ነው ግራ የገባው የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ ልውሰደው? በጣም ጨንቆኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ 7 ወር ብዙ ነው፤ ቢጨንቅሽ አይፈረድብሽም። ወንድ ይዘገያል የሚሉሽን አትስሚ። በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ማገጣጠም ያልጀመረ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መታየት አለበት። አሳይተሽዋል፣ ደግ አድርገሻል።

አሁን ስልክ አትጠብቂ፣ በአካል ሂጂ። ስሙ መዝገቡ ላይ መኖሩን፣ ስልክሽም በትክክል መጻፉን በዓይንሽ እዪ። የእህቴን ልጅ 9 ወር ወረፋ አስጠብቀን ስንሄድ፣ ለካ የተመዘገበው የድሮ ስልኳ ኖሯል፤ "ደውለን አልተነሳም" ብለው ስሙን ሰርዘውታል። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ነው ያለቀሰችው። የባለቤትሽንም ስልክ አስጽፊ። ሰው ከቀረ ወዲያው እንደምትደርሺ ንገሪያቸው።

ከዚህ ጎን ለጎን ጆሮው ይመርመር። በር ሲንኳኳ ዞር ማለቱ አያሳምንሽ፤ ወፍራሙን ድምፅ እየሰማ ቀጭኑን የማይሰማ ልጅ አለ። ለዚህ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ጠይቂ።

ምላሱን ማንም እንዳይነካው! የታሰረ ምላስ አንዳንድ ድምፆችን ያስቸግር ይሆናል እንጂ ልጅን ቃል አያሳጣም። ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። እማማን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገሪያቸው። ሁለት ቋንቋም ልጅን አያዘገይም፤ አባቱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንቺ በአማርኛ ቀጥሉ። ከአንዱ ወላጁ ቋንቋ ለምን ይነጠቅ?

ወረፋው እስኪደርስ ቤት ውስጥ ብዙ መሥራት ይቻላል። ዳቦ ስትሰጪው ሙሉውን አትስጪው። ቁራሽ ስጪውና ሌላውን ይዘሽ ፊት ለፊቱ ዝቅ በዪ፣ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። እጁን ቢዘረጋ፣ ዓይንሽን ቢያይ፣ "ዳ" ቢል ጠየቀ ማለት ነው፤ "ዳቦ!" ብለሽ ወዲያው ስጪው። ቡና ስታፈዪ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ከእሳቱ ግን ራቅ ይበል። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ያቀብልሽ፣ አንቺ "ሲኒ፣ ሌላ ሲኒ" በዪ። ለእጁ ሊጥ የመሰለ የለም፤ ያድቦልብለው፣ ይጫነው። የማንኪያው እጀታ ላይ ጨርቅ ጠቅልለሽ አወፍሪለት፣ ከበስተኋላው ሆነሽ እጁን ደግፊው። ለፀጉሩ መቀሱን ለጊዜው ተይውና ራሱን በመዳፍሽ ጠበቅ አድርገሽ ማሸት አስለምጂው፤ ብዙ ልጆች ከለስላሳ ንክኪ ይልቅ ጠበቅ ያለውን ይችላሉ። ስልክና ቴሌቪዥን በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ዕድሜ የሚለው ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ 350 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ በየሳምንቱ አይቻልም፤ ልጁም አንቺም ትደክማላችሁ። ከቻልሽ አንዴ ለምርመራ ሂጂና ቤት የምትሠሩትን በጽሑፍ አምጪ። ስትሄጂ ሲበላ፣ ሲጫወት፣ ሲጮኽ በስልክሽ የቀረጽሽውን ይዘሽ ሂጂ። ልጅ እንግዳ ክፍል ውስጥ ዝም ይላል፣ ባለሙያው ግን ቤት የሚያደርገውን ማየት አለበት።

የጆሮው ውጤት ሲደርስሽ ጻፊልን፣ ከዚያ እንቀጥላለን።