ጀርመን፦ ፕሪቫት ልግባ ወይስ ክራንከንካሰ? ለሽቱትጋርቱ ወንድማችን የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት፦ ፕሪቫት፣ ማለትም የግል የጤና መድን፣ ልግባ ወይስ ክራንከንካሰ (በአጭሩ ካሰ)፣ ማለትም በሕግ የተቋቋመው የጤና መድን? ከአዲስ አበባ በቀጥታ መጥተህ ሽቱትጋርት በዓመት 84,000 ዩሮ ብሩቶ (ግብርና መዋጮ ሳይቆረጥ) የሚከፍል ሥራ ጀምረሃል። ባለቤትህና ሁለት ልጆችህ ቪዛ እየጠበቁ ነው። አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ ደግሞ "በወር 390 ዩሮ ብቻ፣ ግማሹን አሠሪህ ይከፍላል፣ ሐኪም ጋር ወረፋ የለም" ብሎ የፕሪቫት ፎርም ሰጥቶሃል፤ እስከ ዓርብ ፈርም ብሎሃል። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ አትፈርም። ምክንያቱ ግን ረጅም ስለሆነ ታግሰህ አንብበኝ።

1. ሦስት ወሩን ቁጠር። ሻጩ ዓርብ የሚልህ ለራሱ ነው፤ ያንተ ቀን ሌላ ነው። ፕሪቫት ለመግባት የሚያስፈልገው የዓመት ደመወዝ ገደብ በ2026 77,400 ዩሮ ነው። ከዚያ በታች የሚያገኝ ሠራተኛ ምርጫ የለውም፣ በሕግ ካሰ ውስጥ ይገባል። አንተ ከገደቡ በላይ ስለሆንክ ግን ማንም በግድ አያስገባህም፤ በፈቃደኝነት አባል ልሁን ብለህ ራስህ ማመልከት አለብህ። ጀርመን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የጀመረ ሰው ይህን የሚያደርገው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ ነው። ሦስት ወሩ ካለፈ በሩ ይዘጋል፣ ምርጫህም ፕሪቫት ብቻ ይሆናል። የብዙ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ይህን አይነግርህም፤ "የመድን ማስረጃህን አምጣ" ብሎ ብቻ ይጽፍልሃል። ሻጩም አይነግርህም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ በጣም ውዱ ስህተት የሚሠራው ሰውዬው ገና ቋንቋውን ሳይለምድ፣ የቤት ኪራይ ውል እያሳደደ ባለበት ሰሞን ነው።

ሻጩ ለምን እንደሚቸኩል ደግሞ እወቅ። ሕጉ ለአንድ የፕሪቫት ጤና ውል የሚከፈለውን ኮሚሽን እስከ 9.9 ወር መዋጮ ድረስ ይፈቅዳል። በ390 ዩሮ ስታባዛው 3,860 ዩሮ አካባቢ ይመጣል። ካሰ ብትገባ እሱ ይህን አያገኝም።

2. ስሌቱን ለአራት ሰው ሥራው። ካሰ የሚቆርጠው ከወር ደመወዝህ እስከ 5,812.50 ዩሮ ካለው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው አይነካም። መዋጮው 14.6 በመቶ ሲሆን እያንዳንዱ ካሰ የራሱን ጭማሪ ያክልበታል፤ ለ2026 የተቀመጠው አማካይ ጭማሪ 2.9 በመቶ ነው። ግማሹን አሠሪህ ስለሚችል ያንተ ድርሻ 508.59 ዩሮ ይሆናል። የእንክብካቤ መድኑን፣ ማለትም ፍሌገውን፣ ሁለት ልጅ ላለው ሰው 1.55 በመቶ ስትጨምርበት ወደ 599 ዩሮ ይደርሳል። "599 በ195 ፊት?" ትላለህ፤ ሻጩም የሚያሳይህ ይህንኑ ነው።

አሁን ቤተሰቡን አስገባ። ካሰ ውስጥ ባለቤትህ ገቢ ከሌላት፣ ወይም በ2026 በወር ከ565 ዩሮ ካልበለጠ (ሚኒጆብ፣ ማለትም አነስተኛ ክፍያ ያለው የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ከሆነ እስከ 603)፣ እሷም ሁለቱ ልጆችም ባንተ ሥር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታቀፋሉ። ሦስተኛ ልጅ ቢወለድም አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ፕሪቫት ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ ውልና የራሱ ዋጋ አለው። ለባለቤትህ 450፣ ለሁለቱ ልጆች 170፣ 170 ብለን ብንይዝ፣ ካንተ 390 ጋር 1,180 ዩሮ ይሆናል። አሠሪው ለቤተሰብም ጭምር ያዋጣል፣ ግን ጣሪያው ያው 508.59 ነው። ያንተ ኪስ 671 ይከፍላል፣ ፍሌገው ሳይደመር። ያ ሁሉ "ርካሽ" በአንድ በረራ ተበላ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ባለቤትህ ነገ ሥራ አግኝታ በራሷ ካሰ ብትገባ ልጆቹን ወደ እሷ ላዛውር ትል ይሆናል። አይሆንም። በጋብቻ ያላችሁ ከሆነ፣ አንተ ፕሪቫት ከሆንክ፣ ደመወዝህም ከገደቡም ከእሷም በላይ ከሆነ ልጆቹ በእሷ ሥር በነፃ አይታቀፉም። ወይ ፕሪቫት፣ ወይ በካሰ በራሳቸው ስም ክፍያ እየከፈሉ።

390 ለምን ርካሽ እንደሆነ ደግሞ ውሉን ገልጠህ እይ። ሁለት መስመር ፈልግ። አንደኛው ዘልብስትበታይሊጉንግ ይላል፤ በዓመት የመጀመሪያውን ስንት ዩሮ ከኪስህ እንደምትሸፍን ማለት ነው። 1,200 ከተጻፈ በወር 100 ዩሮ ጨምርበት፣ በእሱ ላይ አሠሪው አያግዝህም። ሁለተኛው ክራንከንታገጌልድ፣ በሕመም ጊዜ የሚከፈል የቀን አበል፣ ነው። ስትታመም አሠሪህ 6 ሳምንት ደመወዝ ይከፍልሃል። ከዚያ በኋላ የካሰ አባል የሆነ ሠራተኛ ለአንድ ሕመም በ3 ዓመት ውስጥ እስከ 78 ሳምንት፣ አሠሪው የከፈለበት 6 ሳምንት ጭምር ተቆጥሮ፣ መዋጮ የሚቆረጥበትን ብሩቶ 70 በመቶ (ከኔቶው፣ ማለትም ከተጣራው ደመወዝ፣ 90 በመቶ ሳይበልጥ) ያገኛል። ፕሪቫት ውስጥ ይህ ለብቻው ካልተገዛ የለም። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ርካሽ ዋጋ ውስጥ አይገባም።

የወሊድ ፈቃዱም አለ። ፕሪቫት የሆነ ሰው ኤልተርንጻይት ሲወጣ የአሠሪው ድርሻ ይቆማል፣ ሙሉውን ክፍያ ራሱ ይሸከማል፤ ገቢ በቀነሰበት ወቅት።

3. የጤና ጥያቄዎቹ። ካሰ ስለ ጤናህ ምንም አይጠይቅም፣ ታመህም ብትሆን ይቀበልሃል። ፕሪቫት ግን ያለፉትን ዓመታት ያስቆጥርሃል፤ በብዛት ለተመላላሽ ሕክምና 3፣ ለተኝቶ ሕክምና 5፣ ለሥነ ልቦና ሕክምና እስከ 10 ዓመት፣ እንደ ፎርሙ ይለያያል። አዲስ አበባ የታከምከውም ይቆጠራል። ብዙ ሐበሻ "የአገር ቤቱን ማን ያውቃል" ብሎ የጨጓራውን፣ የጉበት ቫይረሱን፣ የደም ግፊቱን ሳይጽፍ ያልፋል። በኋላ ትልቅ ሂሳብ ሲመጣ ኩባንያው የቆየ ማስረጃ ይጠይቃል። ጀርመናዊው ሐኪም ራሱ "ከ2019 ጀምሮ የሚታወቅ" ብሎ ከአፍህ የሰማውን ፋይልህ ላይ ጽፎታል። ኩባንያው ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ሆን ብለህ ደብቀሃል ከተባለ ይህ መብቱ እስከ 10 ዓመት ይቆያል።

እዚህ አገር ትንሽ የቆየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠንቀቅ። ሐኪም ለሂሳብ ሲል የሚመዘግበው የምርመራ ኮድ አንተ የማታውቀው ሊሆን ይችላል። ለወገብ ሕመም ሄደህ "የመንፈስ ጭንቀት" የሚል ኮድ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ፎርም ከመሙላትህ በፊት ከካሰህ የታከምክበትን ዝርዝር፣ ከሐኪሙ ደግሞ የፋይልህን ቅጂ ጠይቅ። ሁለቱንም የማግኘት ሕጋዊ መብት አለህ። የግድ ዋጋ ማየት ካለብህም በስምህ አታመልክት፤ በገለልተኛ ደላላ በኩል ስምህ ሳይጠቀስ ቅድመ ጥያቄ እንዲቀርብልህ አድርግ። ፎርሞቹ ላይ "ሌላ ኩባንያ ውድቅ አድርጎህ ያውቃል?" የሚል ጥያቄ ይመጣልና፣ አንዴ በስምህ ውድቅ ከተደረግክ ያንን መጻፍ አለብህ።

አሁን ወደ መመለሻው። "ካልተመቸኝ እመለሳለሁ" ብለህ ጽፈሃል። መመለስ የሚቻለው በፍላጎት ሳይሆን ሁኔታህ ሲለወጥ ነው፦ ደመወዝህ ከገደቡ በታች ሲወርድ፣ ወይም ሥራ አጥተህ የሥራ አጥ ክፍያ ስትጀምር። 55 ዓመት ከሞላህ በኋላ ደግሞ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ካሰ ውስጥ ካልነበርክ፣ ደመወዝህ ቢወርድም በተለመደው መንገድ አትመለስም። የፕሪቫት ዋጋ ከደመወዝህ ጋር አይወርድም፣ ጡረታ ስትወጣም ገቢህን አይጠይቅም። ገደቡም በየዓመቱ ማለት ይቻላል ከፍ ይላል፤ በ2025 73,800 ነበር። ፕሪቫት ሆኖ 75,000 የሚያገኝ ሰው በጥር 2026 በራሱ ጊዜ ወደ ካሰ ግዴታ ተመለሰ። ኩባንያው ያኔ "ነፃ መውጫ" የሚል ወረቀት ይልካል፣ በ3 ወር ውስጥ ፈርመህ ፕሪቫት ቆይ ይላል። ያ ፊርማ አይሻርም። ይህን መልስ የምታነቡ ፕሪቫት ያላችሁ፣ ያን ወረቀት ሳታስቡ አትፈርሙ።

ወረፋውን በተመለከተ ሻጩ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ስልክ ስትደውል መጀመሪያ የሚጠይቁህ "ገዜትስሊሽ (የካሰ) ነህ ፕሪቫት?" ነው፣ ስምህን እንኳ ሳይጠይቁ። ገዜትስሊሽ ስትል ድምፁ ይቀዘቅዛል፣ ቴርሚኑም (ቀጠሮውም) ከ4 ወር በኋላ ይሆናል። ያሳፍራል፣ ያበሳጫልም። ግን ለዚህ ብለህ የዕድሜ ልክ ውል አትገባም፤ መንገድ አለው።

ሃውስአርትህ (የቤተሰብ ሐኪምህ) ጋር ሂድና ኡበርቫይዙንጉ (ወደ ስፔሻሊስት የሚልክህ ወረቀት) ላይ የአስቸኳይ ኮድ፣ ድሪንግሊሽካይትስኮድ፣ እንዲለጥፍልህ ጠይቅ። 12 ፊደልና ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ነው። ካልጠየቅከው ብዙዎቹ አይሰጡህም፤ ምልክቱን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየብህ፣ እንቅልፍ ወይም ሥራ እንደከለከለህ በግልጽ ንገረው። ከዚያ የሐኪም ቀጠሮ አገልግሎቱ 116117 ላይ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ኮዱን ታስገባለህ፤ በ1 ሳምንት ውስጥ ቴርሚን ሊያቀርቡልህ፣ ቴርሚኑም በ4 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ግዴታ አለባቸው። ሐኪሙን አትመርጥም፣ ሰፈሩም ራቅ ሊል ይችላል። ለዓይንና ለማሕፀን ሐኪም ኡበርቫይዙንግ አያስፈልግም።

ከዚህ የሚበልጠውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። የሃውስአርቱ ቢሮ ራሱ ወደ ስፔሻሊስቱ ደውሎ ቴርሚን ሲይዝልህ፣ ስፔሻሊስቱ ላንተ የሚከፈለው ከተለመደው የበጀት ጣሪያ ውጪ ነው፣ ደዋዩ ሃውስአርትም ተጨማሪ ያገኛል። ስለዚህ "እባክዎ እናንተ ደውሉልኝ" ማለት ልመና አይደለም፣ ለሁለቱም ጥቅም ነው። ሦስተኛው መንገድ ኦፈነ ሽፕሬሽሽቱንደ፣ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ሰዓት፣ ነው፦ የዓይን፣ የቆዳ፣ የአንገት በላይ፣ የአጥንት፣ የነርቭና የመሳሰሉት ሐኪሞች በሳምንት ቢያንስ 5 ሰዓት ያለ ቴርሚን መቀበል አለባቸው። ሰዓቱን በር ላይ ወይም በድረ ገጻቸው ይለጥፋሉ፤ ከመክፈቻው ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ቁም። ድንገተኛ ሲሆን ደግሞ 112 ነው፣ እዚያ ካርድ አያጣላም።

ፕሪቫት የሚያዋጣው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። በቋሚነት የተሾመ የመንግሥት ሠራተኛ፣ በአምተር የሆነ፣ መንግሥት የሕክምና ወጪውን ግማሽና ከዚያ በላይ ስለሚሸፍንለት ይሻለዋል። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖ ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣ ደግሞ የተማሪ ካሰ ስለማይቀበለው ብዙ ጊዜ ምርጫ የለውም። አንተ ከሁለቱም አይደለህም።

የፕሪቫቱን ጥቅም ከፈለግክ ካሰ ላይ ተጨማሪ ግዛ፤ ለሆስፒታል ዋና ሐኪምና ባለ ሁለት አልጋ ክፍል፣ ለጥርስም እንዲሁ። ጥርስ ላይ ካሰ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ከመደበኛው ዋጋ 60 በመቶ ነው የሚሸፍነው። የየዓመቱ የጥርስ ምርመራ በሚመዘገብበት ቦኑስ ደብተር ላይ ያለማቋረጥ 5 ዓመት በየዓመቱ ማኅተም ካስደረግክ 70፣ 10 ዓመት ከሆነ 75 ይሆናል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምር።

በዚህ ሳምንት የምታደርገው፦ አንድ ካሰ ምረጥ፣ ጭማሪውን አወዳድር፣ ግን ስልክ ላይ በእንግሊዝኛ የሚያስተናግድህንም አስብ። "በፈቃደኝነት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርመን ሥራ የጀመርኩ" ብለህ ሥራ የጀመርክበትን ቀን የያዘ ማመልከቻ ላክ፣ የላክህበትን ማስረጃ አስቀምጥ። የአባልነት ማረጋገጫው ሲመጣ ለአሠሪህ ስጥ። ቤተሰብህ እንደሚታቀፍ የሚገልጽ ደብዳቤም ለኤምባሲው ጠይቃቸው፤ ለጉዞው ግን የመግቢያ ኢንሹራንስ ለብቻ ያስፈልጋቸዋል። የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬቶቹን በተፈቀደለት አስተርጓሚ አስተርጉመህ አዘጋጅ፣ ከአንሜልዱንጉ (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባው) ጋር የቤተሰብ ፎርሙ ላይ ይያያዛሉ። የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት ቅጂ ግን እስኪመጡ ሳትጠብቅ ለአሠሪህ አሁኑኑ ስጥ፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅም ልጅ ነውና፣ ካልሰጠህ እንደ ልጅ የሌለው ሰው ቆጥረው ለፍሌገ ተጨማሪ 0.6 በመቶ፣ ማለትም በወር 34.88 ዩሮ ይቆርጡብሃል።